የጎደለው ግፊቱ ነው፦ ስለ ተራሮቻችንና ስለ ደጋ አየር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኢትዮጵያ ተራሮች አፈጣጠርና ስለ ደጋ አየር የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው ቋንቋ ያውቃል፤ አገሩን መውደዱም አይታማም። ችግሩ ሳይንሱ ላይ ነው። የኦክስጅንን ድርሻና የአየርን ግፊት አንድ አድርጎ ስለተነሣ፣ ከዚያ በኋላ ስለ እስትንፋስ የተናገረው አብዛኛው ተያይዞ ተዛንፏል። አንዳንዱ ስህተት ቢነበብ ጉዳት የለውም። ሁለቱ ግን ሕይወት ሊያስከፍሉ የሚችሉ ናቸው። ነጥቦቹን በመጡበት ቅደም ተከተል እንመልሳለን፤ እውነት የተናገረበትንም አንሸሽግም።

የመጀመሪያው ይህ ነው፦ «የሰሜን ተራሮቻችን እንደ ሂማላያ ሁለት አህጉራት ተጋጭተው ያስነሷቸው ናቸው፤ በዓባይ ሸለቆ የሚገኙት የባሕር ዛጎሎች ምስክር ናቸው።» ስለ ሂማላያ የተባለው ልክ ነው። ሕንድን የተሸከመው የመሬት ቅርፊት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር መላተም ጀመረ፤ የኤቨረስት ጫፍ ራሱ ባሕር ውስጥ የተፈጠረ የኖራ ድንጋይ ነው። ግጭት ግን ምልክቱን ሳይተው አይሄድም። ድንጋዩ ይታጠፋል፣ ይጨማደዳል፣ አሮጌው ንብር ተገፍቶ አዲሱ ላይ ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው የሸለቆውን ግድግዳ ልብ ካለ የሚያየው ሌላ ነው፦ ከታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከላዩ የኖራ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ሁሉም መሶብ ውስጥ እንደተደረበ እንጀራ ተጋድሞ። የተጋጨ አገር እንዲህ አይተኛም።

ዛጎሎቹ የባሕር መሆናቸው አያከራክርም። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ይህን አካባቢ ባሕር ሸፍኖት ነበር፤ በሙገር ለሲሚንቶ የሚቆፈረው ኖራም የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ዛጎሉ ዛሬ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ መሬቱ መነሣቱን ይናገራል። ምን እንዳነሣው ግን ከዛጎሉ አይነበብም።

ያነሣው ከሥር የመጣ ሙቀት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቅ የተነሣ ትኩስ ዓለት ዛሬ አፋር በምንለው አካባቢ ሥር ደረሰና ቅርፊቱን እንደ ሊጥ ኩፍ አደረገው። የቀለጠውም በስንጥቆች እየወጣ አገሩን አለበሰው። አብዛኛው ፍሳሽ የወጣው አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በመሬት ዕድሜ ሲለካ ይህ ጥድፊያ ነው። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2,000 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ንጣፍ ላይ ጋሻ የመሰሉ ሰፋፊ እሳተ ገሞራዎች ተደረቡ፦ ስሜን ወዲያው ተከትሎ፣ ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጉና ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። የስሜን ገደሎች የዚያ ጋሻ ቅሪት ናቸው። ዝናብና ወንዝ ሲፍቁት ኖረው፣ ሳይበላ ከቀረው ውስጥ ከፍተኛው 4,550 ሜትር ላይ ያለው ራስ ደጀን ሆነ።

ጸሐፊው ግጭት ባየበት ቦታ የሚካሄደው እንዲያውም መለያየት ነው። ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል፤ ጥፍራችን በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በስምጡ ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል አዳማ የሚገባ መኪና 700 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚሄደው ከዚህ ትከሻ ወደ ስምጡ ወለል እየወረደ ስለሆነ ነው።

«እንጦጦ ያንቀላፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ፍል ውሃ የሚፈላው ሊነቃ ሲል ነው» የሚለው ሁለተኛ ነጥብ ትንሽ እውነት በትልቅ ፍርሃት ተጠቅልሎበታል። የእንጦጦን ድንጋይ እሳተ ገሞራ መውለዱ እርግጥ ነው። ዕድሜው ግን ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ እሳቱ ከሞተ ቆይቷል፣ ከሞተም በኋላ በስንጥቅ ተቆራርጧል። ከተማዋን የከበቡት ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከእሱ ወጣት ናቸው፤ ወጣትነታቸውም በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው። ፍል ውሃ የሚወጣው መሐል ከተማዋን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚያልፍ ስንጥቅ በኩል ነው። ከላይ የዘነበው ውሃ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል። በስምጥ ዳር ያለ መሬት ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ከሌላው ቦታ ቶሎ ይሞቃል፤ የሰረገው ውሃ እዚያ ይግልና በስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል። ከእንጦጦ ብርድ እቴጌ ጣይቱን ወደ ታች የሳባቸውና በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ይኸው ውሃ ነው። ያኔም ይፈላ ነበር።

መፍራት ካስፈለገ የሚያስፈራው ንዝረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተደጋገመው ንዝረት ደግሞ የመጣው ቅልጥ ዓለት ላይ ሳይወጣ ከመሬት ሥር በስንጥቅ ውስጥ በመስረጉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በምድር ቤት ያለው ሳያውቅ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለው መብራት ሲወዛወዝ ያየው በምክንያት ነው፦ ሩቅ ያለ ነውጥ ወደ እኛ ሲደርስ የሚቀረው ዝግ ያለው ረጅም ሞገድ ነው፤ ረጅም ሕንፃም ከዚህ ሞገድ ጋር አብሮ ይወዛወዛል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። «በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ 21 በመቶ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። ግፊቱ ግን ያው ነው፤ ስልካችሁ ላይ የአየር ሁኔታውን ክፈቱ፣ ለጅቡቲም ለአዲስ አበባም ከ1,000 በላይ ይላችኋል።»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲ ወደብም፣ ፒያሳም፣ ራስ ደጀን አናትም 20.9 በመቶ ነው። ነፋስና መናወጥ አየሩን እስከ 80 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ሲያማስሉት ስለሚኖሩ ቅይጡ አይዛነፍም። የሚቀንሰው ግፊት ነው። አየር ክብደት አለው፤ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል። ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ከራሱ በላይ የሚቀረው አየር ያንሳል፣ ጭነቱ ይቀላል፣ አየሩ ይሳሳል። በአንድ ትንፋሽ የምንስበው መጠን ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው የኦክስጅን ቅንጣት ቁጥር ያነሰ ይሆናል።

ስለ ስልኩ፦ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች በተለያየ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞችን በአንድ ካርታ ለማነጻጸር ሲሉ እያንዳንዱን ልኬት «ከተማው ባሕር ወለል ላይ ቢሆን ኖሮ» ወደሚል ቁጥር ይቀይሩታል። ጸሐፊው ያነበበው ያንን የተቀየረ ቁጥር ነው። ባሮሜትር የተገጠመለት ስልክ የራሱን ልኬት እንዲያሳይ ቢደረግ መስቀል አደባባይ ላይ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይላል፤ ባሕር ወለል ላይ አማካዩ 1,013 ነው። በሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ከተቆጠረ 760 የነበረው ወደ 577 ወርዷል ማለት ነው። ሩቡ ሄዷል።

ወደ ሳንባ የሚገባውን የኦክስጅን ግፊት ሐኪሞች የሚያሰሉት ደግሞ እንዲህ ነው። አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ይሞቃል፣ በእንፋሎት ይጠግባል። ይህ እንፋሎት የትም ቦታ ቢኬድ 47 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ የሰውነት ሙቀት ስለማይለወጥ እሱም አይለወጥም። የቀረው በ0.209 ይባዛል። ባሕር ወለል ላይ 149 ይመጣል፣ መስቀል አደባባይ ላይ 111 ገደማ፣ 3,100 ሜትር ላይ እንጦጦ 100 ገደማ፣ ራስ ደጀን 82 ገደማ። ኤቨረስት ጫፍ ላይ የተለካው ግፊት 253 ስለነበር 43 ብቻ ይቀራል። እንፋሎቱ ከ760 ላይ 47 ሲወስድ አይታወቅም፤ ከ253 ላይ ሲወስድ ግን ግብር ይመስላል።

«16 በመቶ» ከየት እንደመጣም ይገመታል። ባሕር ጠረፍ የሚኖር ሯጭ ደጋ ላይ እንደተኛ እንዲሆን የሚያደርጉ ድንኳኖች አሉ፤ የ2,300 ሜትርን ከፍታ ለማስመሰል የድንኳኑን ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ያወርዱታል። ያ ማስመሰያ ቁጥር ነው፤ ጸሐፊው እንዳለ አንሥቶ እውነተኛውን አየር ገለጸበት።

«ድርሻም ተባለ ግፊት፣ ያው ኦክስጅን አነሰ አይደል?» ለሚል ሰው መልሱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ያነሰው የኦክስጅን ድርሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃ አዲስ አበባ ላይም በ100 ዲግሪ ይፈላ ነበር። የሚፈላው ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ላይ በ90፣ ራስ ደጀን ላይ በ85 ገደማ። ሽምብራና ባቄላ ቆላ ካለው ይልቅ እዚህ እሳት የሚፈጁት ለዚህ ነው። እሳት መጨመር ምስሩን አያፈጥነውም፤ የፈላ ውሃ ከ92 አያልፍምና ትርፉ እንፋሎት ነው። የሚያፈጥነው ከፊት ቀን መዘፍዘፍ ወይም ክዳኑ የሚቆለፍ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን የሚመልስ ድስት ነው። የሚጠጣ ውሃ ለማከምም ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ ሙሉ ማንተክተክ ይመከራል። (ለቡና ግን ዕድለኞች ነን፤ ቀማሾች ለሙያቸው የሚጠቀሙበት ውሃ 93 ዲግሪ ነው።) መኪናም ይመሰክራል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ አዲስ አበባ ላይ ሩቡ የለም። ነዳጁ ለባሕር ወለል እንደተለካ ከተረጨ የሚቃጠልበት አየር ያጥረዋል፤ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከአሮጌ ናፍጣ መኪና የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

«የእንጦጦ ደን ኦክስጅን ስለሚያመርት እዚያ ያለው አየር ከመሐል ከተማው በኦክስጅን የበለጸገ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ይውጣ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የአንድ ተራራ ባሕር ዛፍ የአየሩን ቅይጥ በመሣሪያ እስኪታወቅ ድረስ አይለውጥም። እንጦጦ ላይ ጭስ ማነሱ እውነት ነው፤ ሰው «ተነፈስኩ» የሚለው ስለዚህ ነው። ኦክስጅኑ ግን ከመስቀል አደባባይ በ10 በመቶ ያህል ያንሳል። በማለዳ የሚነፍሰው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በተለይ በሩጫ ላይ አስምን ይቀሰቅሳል። ለመሄድ የወሰነ ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ ይክተት፣ አፍንጫና አፉን በነጠላ ወይም በሻርፕ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ይጀምር።

አምስተኛው ላይ እንቆይ። «በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ከ95 በታች ካሳየ ሳንባችሁ ታሟል፤ ከ95 በላይ ካሳየ ግን ምንም የላችሁም» ይላል። ሁለቱም ግማሾች ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ይብሳል።

95 የሚለው ወሰን የወጣው ባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ሲለካ 92 ወይም 93 ቢያይ ብርቅ አይደለም። ምክንያቱ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ነገር፣ ኦክስጅንን የሚይዝበት መንገድ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ሙሌቱን ነው፤ ከሄሞግሎቢኑ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ። በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ100 ወደ 70 ሲወርድ ሙሌቱ ከ97 ወደ 94 አካባቢ ብቻ ዝቅ ይላል፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ከ60 በታች ግን ሜዳው ያልቅና ገደሉ ይጀምራል፤ ግፊቱ ትንሽ በቀነሰ ቁጥር ሙሌቱ ብዙ ይወድቃል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሜዳው ላይ ነው፤ ሆኖም ከገደሉ አፋፍ ብዙም አይርቅም። ጅቡቲ ላይ ሙሌቱን ከ97 ወደ 94 የሚያወርድ የሳንባ ምች እዚህ ከ94 አስነሥቶ ከ90 በታች ሊጥል ይችላል። እናም ከአንድ ቁጥር ይልቅ ለውጡን ማየት ይበጃል፤ ጤነኛ ሳላችሁ ተለኩና ቁጥራችሁን እወቁ። ከዚያ በ4 ወይም 5 ነጥብ ከወረደ፣ ወይም ከ90 በታች ከሆነና ትንፋሽ ካጠረ፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አለካኩም ደንብ አለው። 5 ደቂቃ አረፍ በሉ፤ የፒያሳን ዳገት ወጥቶ ወዲያው የለካ ሰው የሚያነበው ሩጫውን ነው። ጣት ከቀዘቀዘ ደም ስለማይደርስበት መሣሪያው ይሳሳታል፤ እጅን አሹት። የጥፍር ቀለምና ሂና ብርሃኑን ይጋርዳሉ። ጣቱን ከገባ በኋላ አታንቀሳቅሱት፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ።

«ከ95 በላይ ከሆነ ምንም የለም» የሚለው ግን የከሰል ምድጃ ባለበት ቤት አደገኛ ነው። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያመጣል። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ተራው የጣት መለኪያ ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው አይለየውም፤ ሰውየው እየታፈነ 98 ሊያሳይ ይችላል። ደጋ ላይ የሚሻማው ኦክስጅን ቀድሞ ስላነሰ መርዙ ይፈጥናል። በተዘጋ ቤት ከሰል ነዶ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው መለኪያው ያሻውን ይበል፣ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።

ስድስተኛው፦ «የእኛ ደም ከሌላው የወፈረ፣ በሄሞግሎቢን የበለጸገ ነው፤ ስለዚህ የከፍታ ሕመም አይነካንም። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ማታ 4,000 ሜትር ላይ ብታድሩ ችግር የለም።»

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ፣ ነዋሪዎቹን ለክቶ ነበር። የተገኘው ሄሞግሎቢን ለወንዶች በአማካይ 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ነበር። ባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ደም ይመስላል፤ ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸውም አለመወፈሩ ነው። ደማቸው የሚወፍረው የአንዲስ ደገኞች ናቸው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸውም ሙሌታቸውም ዝቅተኛ ነው። ሦስቱ ሕዝቦች በሦስት መንገድ ከከፍታ ጋር ተላመዱ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አገር ውስጥም ልዩነት አለ፤ ከባሌ ከፍታ ጋር የተዋወቁት ከ500 ዓመት ገደማ ወዲህ የሆኑት ነዋሪዎች ከስሜኖቹ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አላቸው። ባሌ ላይ በ3,469 ሜትር ከፍታ የሚገኘው የፍንጫ ሀበራ ዋሻ እንደሚመሰክረው ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰንብቷል፤ ያ ሰፈራ ግን እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ የወረደ አይደለም። ደም መወፈሩስ ምን ያኮራል? በአንዲስ ሄሞግሎቢኑ ከ21 ያለፈ ወንድ ሥር የሰደደ የተራራ ሕመም አለበት ተብሎ ይታከማል፤ ልብ ያን ዝልግልግ ደም ሲገፋ ይደክማል።

የመላመድ ውርስ ቢኖርም ዋስትና አይሆንም። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ሰውነቱ 2,350 ሜትርን ስለለመደ በቀጥታ ከባሕር ጠረፍ ከመጣው ይሻላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ግን ሁሉም በአንድ ደንብ ይሄዳል፦ የሚተኛበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑም አንድ ሌሊት እዚያው ይደገም። የሚቆጠረው የመኝታው ከፍታ ነው፤ ቀን ወጥቶ ማታ መውረድ ይፈቀዳል። ለስሜን ይህ ማለት አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ አንድ ሌሊት 3,250 ሜትር ላይ ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ ወይም ጨነቅ፣ 3,600 ሜትር አካባቢ፤ የቧሂትን ተራራ በቀን ወጥቶ መመለስ። ባሌ ላይ ጎባ አድሮ ሳነቴን በቀን ማቋረጥ ለብዙ ሰው ከራስ ምታት አያልፍም። ጸሐፊው እንዳለው በመጀመሪያው ማታ 4,000 ሜትር ሳነቴ ላይ ድንኳን መትከል ግን አደጋ መጥራት ነው።

ጉልበትም አያድንም። ሯጭም ሆነ ወጣት ከተቸኮለ ይታመማል፤ እንዲያውም ጉልበት ያለው ፈጥኖ ስለሚወጣ ይብስበታል። ሕመሙ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፦ ራስ ምታት፣ ከእሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር። ይህ እስኪለቅ ከፍ አይባልም። አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ለመከላከል 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይወሰዳል፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ። የሰልፋ አለርጂ ያለበት መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ይበዛል፣ አምቦ ውሃም ጣዕሙ ይጠፋል፤ ጋዙን የምንቀምስበትን ኢንዛይም መድኃኒቱ ስለሚያግደው ነው።

ሁለት ምልክቶች ሌሊትም ቢሆን ያስወርዳሉ። አንደኛው ተቀምጠው እያሉ የሚያጥር ትንፋሽ ሲሆን ደረቅ ሳል ይከተለዋል፣ በኋላም አረፋ ያለው ቀላ ያለ አክታ፤ ሳንባ ውሃ እየቋጠረ ነው። ሁለተኛው መንገዳገድና መዘባረቅ ነው፤ አንጎል እያበጠ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር ማስኬድ። የተንገዳገደ ሰው ብቻውን አይተኛ። ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ይወርዳል። ጨነቅ ላይ ከሆነ ወደ ደባርቅ ነው የሚወሰደው፤ መንገዱ በሌላው አቅጣጫ የቧሂትን ማለፊያ ስለሚወጣ ለመውረድ ሲሉ መጀመሪያ መውጣት ይሆናል። ይበጃል እየተባለ ነጭ ሽንኩርት ማኘክ አይጎዳም፤ መውረድን ካዘገየ ግን ይጎዳል።

ሰባተኛው «አንድ ሳምንት እንጦጦ ላይ የሠራ ሯጭ ደሙ ይለወጣል» ይላል። አቅጣጫው ትክክል ነው፣ ሂሳቡ ግን አጥሯል። ከፍታ ላይ በተደረሰ በሰዓታት ውስጥ ኩላሊት ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝዘውን፣ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራል፤ በ2 ወይም 3 ቀን ከፍ ብሎ መልሶ ይቀንሳል። አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ በስሌት የሚገባ ያህል እስኪጠራቀም 3 ወይም 4 ሳምንት ይፈጃል፤ ብረት ካነሰ ጭራሽ አይጠራቀምም። በመጀመሪያው ሳምንት ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ የሚታየው በዋናነት ውሃ ከደም ስለሚወጣ ነው፤ ደም ተጨመረ ሳይሆን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ጎደለ። ደግሞ እንጦጦ ለፈጣን ሥራ ከፍ ይላል፤ ሯጩ የሚፈልገውን ፍጥነት እዚያ አያገኝም። ስለዚህ ነው አሠልጣኞች ዝግ ያለውን ሩጫና ዳገቱን እንጦጦና ሱሉልታ፣ ኮሮኮንቹን በየገጠሩ መንገድ፣ የፍጥነቱን ደግሞ ዝቅ ወዳሉት ሰበታና አቃቂ አስፋልቶች የሚወስዱት። ከፍታ ምን እንደሚያደርግ ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 በ2,240 ሜትር ላይ አሳይታለች፤ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ሰዓቱ ለዘመኑ ዘገምተኛ ነበር፤ በሳሳው አየር ውስጥ ግን አሜሪካዊው ርዝመት ዘላይ ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር ዘለለ።

የቀረው በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ኦክስጅን ነው፤ «ለተራራ አንድ ቆርቆሮ ይበቃል» ይላል። በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ 10 ሊትር ቢኖር በደቂቃ 2 ሊትር ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ 5 ደቂቃ ነው። ከጨነቅ ደባርቅ በ5 ደቂቃ አይደረስም። ለቤት ሕመምተኛ የኦክስጅን ማምረቻ ማሽን የሚገዛ አዲስ አበቤ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። ማሽኑ አየሩን ጨምቆ ናይትሮጅኑን ስለሚያጣራ የሚስበው አየር ሲሳሳ የሚሰጠው ኦክስጅን ይዳከማል፤ አንዳንዱ የሚሠራበት የከፍታ ወሰን ከ2,300 ሜትር አይዘልም። ይህ ቁጥር በመመሪያው መጽሐፍ ላይ «የሚሠራበት ከፍታ» በሚለው ሥር ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ በጫማ (ፊት) ስለሚሰጥ ወደ ሜትር ለመቀየር በ3.28 አካፍሉት። ከ2,350 በታች ከመጣ ሌላ ማሽን ይፈለግ። ከ2,350 በላይ ከመጣም ሻጩ ፊት አስከፍቱና፣ ማሽኑ 10 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ፣ ሕመምተኛው በሚጠቀምበት የሊትር መጠን ላይ አድርጋችሁ ንጽሕናውን በመለኪያ አስለኩት፤ ከ82 በመቶ በታች ካሳየ አትክፈሉ።